የምስጥ እርሻና የጅብ ጥላ

የክረምት ዝናም በዋግ አገር ዘግይቶ የሚመጣ፥ ቶሎም የሚሄድ እንግዳ ነው። በሰኔ ማለቂያ ወይም በሐምሌ መግቢያ ይጀምርና መስከረም ሳይጋመስ ያልቃል። ዳሩ ግን በዚያች ባጭር ጊዜ ውስጥ የምድሩ መልክ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ትናንት ድንጋይና አፈር ብቻ ይታይበት የነበረው ስፍራ ይለመልማል፤ ከብት በዋለበት መስክ፥ በወደቀ ግንድ ሥርና በምስጥ ኵይሳ አጠገብ ማታ ያልነበረ ነጭ ጥላ ሲነጋ ተዘርግቶ ይገኛል። ይህን ነገር በአማርኛ በሁለት ስም እንጠራዋለን፤ አንደኛው እንጉዳይ፥ ሁለተኛው የጅብ ጥላ ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ፤ የምግብና የሞት ልዩነት የሆነበት ጊዜ አለና።

አንድ ክረምት ከሰቆጣ ከተማ ተነሥተን ወደ ተከዜ ቈላ በሚያወርደው መንገድ ስንሄድ፥ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ሕፃን ከመዳፉ የሚበልጥ እንጉዳይ ይዞ ወደ አያቱ ሲሮጥ አየን። አያቱም ገና ከሩቅ እንዳዩት እጁን መተው አስጣሉትና በአመድና በውሃ አሳጥበው ሰደዱት። እኛም ቀርበን ሰላምታ ከሰጠን በኋላ፥ «እማማ፥ ይህ ነገር ከቶ አይበላም?» ብለን ጠየቅናቸው። ባልቴቲቱም፥ «ልጆቼ፥ ይህ የጅብ ጥላ ነው። በክፉ ቀን የበሉት ነበሩ፤ በልተው ያደሩም አሉ፥ ያላደሩም አሉ» ብለው መለሱልን።

ለዚህ ገጽ አንባብያን ስለ እንጉዳይ ለመጻፍ ያሰብነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኒያ ባልቴት የልጁን እጅ መምታታቸው ትክክል ነበር፤ ማንኛዋም እናት እንዲሁ ታድርግ እንላለን። ነገር ግን አንድ ስም ብዙ የተለያየ ነገርን በሸፈነ ጊዜ ሁለት ጉዳት ይመጣል፤ በጥጋብ ዘመን መልካሙ ከክፉው ጋራ ይጣላል፥ በረኃብ ዘመን ደግሞ ክፉው ከመልካሙ ጋራ ይበላል። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ዛሬም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ ያምናው እህል ያለቀበት፥ የዘንድሮው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። የፍልሰታም ጾም ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን የሚውለው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ፥ ወጡ ሥጋና ቅቤ በሌለበት ሰዓት እንጉዳዩ በየሜዳው ይወጣል። እንጉዳይም ለጾም የሚሆን ምግብ ነው።

እንጉዳይ ምንድር ነው? ቅጠል የለውም፥ አበባ የለውም፤ እንደ ሣርና እንደ ዛፍ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም። ስለዚህ ሊቃውንት ከዕፀዋት ወገን አይቈጥሩትም፤ ዘመዶቹ በሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ያለው እርሾና በከረመ እንጀራ ላይ የሚታየው ሻጋታ ናቸው። ከመሬት በላይ የምናየው ጥላ ፍሬው ብቻ ነው። እውነተኛው አካሉ በአፈርና በበሰበሰ እንጨት ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነጭ ክር ሲሆን፥ ዓመቱን በሙሉ ተደብቆ ይቈይና ዝናም ሲያገኝ ፍሬውን ወደ ላይ ይሰዳል።

ከእንጉዳይ ወገን ሁሉ በጣም የሚያስደንቀን ምስጥ የሚያርሰው ነው። «ምስጥ ያርሳል» ስንል ለማጋነን አይደለም። ምስጥ የደረቀ ሣርና እንጨት ሰብስቦ እንደሚያጠፋ የቤት ምሰሶ የተበላበት ሁሉ ያውቃል፤ ዳሩ ግን ይህ ዓይነቱ ምስጥ የበላውን እንጨት ብቻውን አሟልቶ ለማድቀቅ ኃይል የለውም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ያመጡትን እንጨትና ሣር ከእንጉዳይ ዘር ጋራ በልተው፥ ከኵይሳው በታች ባሉት ጓዳዎች ውስጥ በኩሳቸው እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ነገር ይሠራሉ። የዋግ ሰው ማርን ስለሚያውቅ የዚህን ነገር መልክ ለማሰብ አይቸግረውም፤ ብቻ በሰሙ ፈንታ የደቀቀ እንጨት፥ በማሩም ፈንታ እንጉዳይ እንዳለ ይቍጠረው። የእንጉዳዩ ክር በዚያ ላይ ይበቅልና ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ያለሰልሰዋል፤ ትንንሽ ነጫጭ ፍንጣሪዎችም ያወጣል። ምስጦቹም እነዚያን ፍንጣሪዎች ይበላሉ፤ የበሰለውንም አሮጌ እርሻ ከሥር እየቈረሱ ይመገባሉ፥ ከላይ ደግሞ አዲስ ይጨምሩበታል። ከሆዳቸው ያልተፈጨው ዘር ከኩሱ ጋራ ወጥቶ አዲሱን እርሻ ይዘራል።

ኵይሳውም በከንቱ የተቈለለ አፈር አይደለም። ትልልቁን ኵይሳ የሚሠራው ምስጥ ከውጭ ቀን ቢያቃጥል ሌሊትም ቢበርድ ከውስጥ ያለው ሙቀት ከ30 ዲግሪ እጅግ እንዳይርቅ፥ አየሩም እንዲለዋወጥ አድርጎ ያንጸዋል። እንጉዳዩ የሚወደው ይህንኑ ሙቀትና ርጥበት ነውና ቤቱ የምስጡም የእንጉዳዩም ነው። ሰው ማረስ ከጀመረ ከአሥር ሺህ ዓመት ብዙ አይበልጥም፤ የምስጥ እርሻ ግን ሊቃውንት እንደሚገምቱት 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት በአፍሪካ ደን ውስጥ የተጀመረ ነው። በታንዛንያ በሩክዋ ሸለቆ 25 ሚሊዮን ዓመት ያለው፥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የምስጥ እርሻ ተገኝቶ በ2016 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ተገልጧል።

የክረምቱ መጀመሪያ ዝናም ሲወርድ ክንፍ ያላቸው ምስጦች ከኵይሳው እየፈለቁ ይበራሉ። «እንደ አሸን ፈላ» የምንለው ስለ እነዚህ ነው። አሸኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ክንፋቸውን አራግፈው አዲስ ጎጆ ይቈፍራሉ። አሁን ጥያቄ ይነሣል፤ አዲሶቹ ጎጆ ወጪዎች ዘሩን ከወዴት ያገኛሉ? በጥቂቶቹ ዘንድ ከአባት ወይም ከእናት አንዱ ከወላጆቹ ቤት በሆዱ ይዞ ይወጣል። በሚበዙት ዘንድ ግን የሚይዙት ስንቅ የለም፤ የመጀመሪያ ልጆቻቸው አድገው እንጨት ለመልቀም በወጡ ጊዜ ከውጭ ያለውን ዘር ለቅመው ያገባሉ። ይህም ዘር ከአሸኑ በኋላ በኵይሳው ላይ ከሚወጡት እንጉዳዮች በነፋስ የተበተነው ነው። ስለዚህ በኵይሳ ላይ ያገኘውን እንጉዳይ ሁሉ አንድም ሳያስቀር የሚለቅም ሰው የሚመጣውን ዘር እንደሚቀንስ ይወቅ።

ይህን ወገን ለብቻው ለይቶ ቴርሚቶሚሴስ የሚል ስም የሰጠው ሮዤ ኤም የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1942 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ትርጓሜው የምስጥ እንጉዳይ ማለት ነው። በዓይነቱ አርባ ያህል የታወቁ አሉ። መጠናቸው ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ለማለት ያስቸግራል፤ አንደኛው ቆቡ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳንቲሜትር የማይበልጥ ሲሆን፥ በመቶ የሚቈጠር ሆኖ በአንድ ቦታ ይፈላል። ሌላው ደግሞ በዛምቢያና በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው፥ ቆቡ እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋው ነው፤ ሕፃን ልጅ በእውነት ጥላ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ከሚበሉት እንጉዳዮች ሁሉ ይህን የሚያህል በዓለም እንደሌለ ይነገራል።

የምስጥ እንጉዳይ አገሩ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና የእስያ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ነው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የለም፤ ምክንያቱም የሚያርሰው ምስጥ በዚያ የለም። ሙቀት ወዳድ ስለ ሆነም በደጋው ብርድ ላይ ይቀንሳል። የሰቆጣ ከተማ ከ2200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከርሷ ወደ ተከዜ ወርዶ የዕጣን ዛፍ ወደሚገኝበት ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ቈላ የሚሄድ መንገደኛ ግን ኵይሳ የሚፈለግበትን አገር ያገኛል። በደጋው መስክ ላይ የሚወጣው ሌላ ወገን ነው፤ ከእርሱም አንዱ ከሥሩ በልጅነቱ ሮዝ፥ ሲያረጅ ጥቍር ቡናማ የሚሆነው የመስክ እንጉዳይ ነው። ይህ የመስክ እንጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋ እንደሚገኝ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዳዊት አባተ በ1999 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ጽፈዋል።

እንጉዳይን የሚፈራው አገራችን በሙሉ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በደቡብ ምዕራብ ደን የሚኖሩት መዠንግሮች እንጉዳይን ለይተው በየስሙ እየጠሩ ሲመገቡ የኖሩ ናቸው። ኖቡኮ ቱኖ የምትባል ጃፓናዊት ሊቅ ይህንኑ ዕውቀታቸውን አጥንታ በ2001 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር አሳትማለች። በዚያ አገር ልጅ ከእናቱ ኋላ እየሄደ፥ እያየና እየዳሰሰ ይማረዋል። በሰሜን ደጋ የጐደለን ይህ የእጅ በእጅ ትምህርት ነው እንጂ ማስተዋል አይደለም።

አሁን ደግሞ በውስጡ ስላለው ነገር እንናገር። ትኩስ እንጉዳይ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው። ሲደርቅ ግን ከክብደቱ አምስተኛውን ያህል፥ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ፕሮቲን ያለው ከምስጥ እንጉዳይ ወገን ይገኛል፤ ከዚህም ጋራ ፖታሲየምና ሌሎችም ማዕድናት አሉበት። ሥጋ ሥጋ የሚለው ጣዕሙ ግሉታሚክ አሲድ ከተባለው ንጥረ ነገርና ከመሰሎቹ የመጣ ነው። የአካሉ ግድግዳ ኪቲን ይባላል፤ ይህም የአንበጣ ቅርፊት የተሠራበት ነገር ነውና ጥሬውን ለሆድ ይከብዳል፥ በደንብ መብሰል ይገባዋል። ኤርጎስቴሮል የተባለ ስብም አለበት። ይህ ስብ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቪታሚን ዲ ይለወጣል፤ ይኸውም የሕፃናት አጥንት እንዳይጐብጥ የሚጠብቀው ቪታሚን ነው። ስለዚህ እንጉዳይን በጢስ ከማድረቅ ይልቅ ተቈራርጦ ከሥሩ ያለው ወገን ወደ ላይ ሆኖ በቀትር ፀሐይ ማስጣት ይበልጣል።

የጃፓን ሊቃውንት በ2000 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ከእስያ የምስጥ እንጉዳይ ውስጥ ቴርሚቶሚሴስፊን ብለው የሰየሙትን የስብ ወገን አወጡ፤ ይህም በብርጭቆ ውስጥ የሚኖሩትን የአይጥ ሕዋሳት ወደ ነርቭ መልክ እንዲያድጉ ሲያደርግ አዩ። ይህ መልካም ወሬ ነው። ነገር ግን በብርጭቆ ውስጥ የታየ ነገር ገና ለሰው መድኃኒት አልሆነምና፥ «እንጉዳይ አእምሮ ያድሳል» እያለ ዱቄት የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን በከረጢታችሁ አኑሩ።

ወደ መርዙ እንመለስ። በሞቃት አገሮች መስክ ላይ ከሚወጡት አንዱ ክሎሮፊሉም ሞሊብዲቴስ ይባላል። ትልቅ፥ ነጭ፥ መልከ መልካም ነው፤ የምስጥ እንጉዳይን ወይም የመስክ እንጉዳይን ለሚፈልግ ሰው ዓይን ወጥመድ ነው። የበላው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ደም ይቀላቀልበታል። ለጐልማሳ ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነው፤ ለሕፃን ግን የሰውነት ውሃ ማለቅ ራሱ አደጋ ነው። ከዚህ የከፋው አማኒታ ከሚባለው ወገን ያሉት ጥቂቶቹና አንዳንድ ትንንሽ እንጉዳዮች የያዙት መርዝ ነው። ይህ መርዝ ጉበት የሰውነትን ነገር እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ማፍላትም ማድረቅም አያጠፋውም። ክፋቱ ደግሞ መዘግየቱ ነው። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ምንም ሳይሰማ ይቈይና ትውከቱ ይጀምራል፤ በማግሥቱ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስላል፥ ቤተ ሰቡም ተመስገን ይላል፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ጉበቱ ይደክማል። «በልተው ያላደሩ አሉ» ያሉት ባልቴት የተናገሩት ከዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

በየአገሩ መርዙን ለመለየት ሲባል የሚነገር ብልሃት አለ፤ ከብር ማንኪያ ጋራ ቢቀቀል ይጠቍራል፥ ነጭ ሽንኵርት ቀለሙን ይለውጣል፥ ትል የበላው ወይም ዝንጀሮ የቀመሰው ለሰው ይሆናል ይባላል። ይህ ሁሉ ሐሰት ነው። ስንት ሰው በዚህ እንደ ተታለለ የሚቈጥረው የለም።

የሚታመነው መለያ ሌላ ነው፤ እርሱም ትዕግሥት ይጠይቃል። እንጉዳዩን በቢላዋ ከላይ አትቍረጡት፤ ከሥሩ ቈፍራችሁ አውጡት። ሥሩ እንደ ተሰበረ የእንቍላል ቅርፊት ያለ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ ያ የአማኒታ ምልክት ነውና ጣሉት። የምስጥ እንጉዳይ ግን ብዙውን ጊዜ እግሩ እንደ ሥር ቀጥኖና ረዝሞ ኵይሳ ውስጥ ወዳለው እርሻ ይወርዳል፤ የቆቡም ጫፍ አፈሩን ለመብሳት ሾጠጥ ያለ ነው። (ያ ትንሹ ዓይነት ግን ምስጦቹ ራሳቸው ወደ ውጭ ካወጡት የእርሻ ፍርፋሪ ላይ ስለሚበቅል ረጅም ሥር የለውም።) ቀጥሎ ቆቡን ነቅላችሁ በነጭ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ አሳድሩት። ከቆቡ በታች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደርድሮ ከሚታየው ክፍል የሚወርደው ዱቄት ሲነጋ በወረቀቱ ላይ ቀለሙን ያሳያል፤ የምስጥ እንጉዳይ ሐመር ሮዝ፥ የመስክ እንጉዳይ ጥቍር ቡናማ፥ ክሎሮፊሉም አረንጓዴ፥ አማኒታ ነጭ ነው። ይህን የምንጽፈው ግን ለመጣል እንዲረዳ ነው እንጂ ለመብላት ፈቃድ እንዲሆን አይደለም። ወረቀቱ ቢመሰክርም እንኳ ያን እንጉዳይ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ሳያይላችሁ በድስት አታግቡት፤ ለሕፃንም፥ ለነፍሰ ጡርም ከሜዳ የተለቀመ እንጉዳይ ጨርሶ አይሰጥ።

ሰው በልቶ ቢታመም በወተት፥ በቅቤ ወይም በአረቄ ጊዜ አታጥፉ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ከበላው የተረፈውን፥ ባይተርፍም ከዚያው ስፍራ መሰሉን በወረቀት ጠቅልላችሁ አብራችሁ ውሰዱ። በስንት ሰዓት እንደ በላና ትውከቱ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መርዙ የትኛው እንደ ሆነ ከዚህ ብዙ ይገመታልና። አብረው የበሉት ሁሉ ባይታመሙም ይታዩ። የተሻለው የመሰለውንም በሁለተኛው ቀን ከሐኪም ቤት አታውጡ።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በዚችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን አስታወቀ፤ ዓላማውም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ ጕድለት ምክንያት መቀንጨራቸውን እስከ 2030 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ማስቀረት ነው። እንጉዳይ ለዚህ ይረዳል ወይ ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፥ ብቻውን አይረዳም፤ ሽሮን፥ እንቍላልንና ወተትን የሚተካ አይደለም እንለዋለን። ለትልልቆቹ ግን በጾም ወራት ለወጥ የሚጨመር መልካም ነገር ነው። የምስጡን እንጉዳይ ሰው እንደ ሌላው በጭድ ላይ ሊያለማው አልቻለም፤ የሚያለማው ምስጡ ብቻ ነው። ስለዚህ አደጋ የሌለበትን የሚፈልግ ቤተ ሰብ ከታወቀ ስፍራ የተገዛ የኦይስተር እንጉዳይ ዘር ይዝራ።

የዚህም አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ ይከተከትና በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሻጋታው እንዲሞት በእንፋሎት ይታጠናል፤ ሲቀዘቅዝም ከዘሩ ጋራ ተቀላቅሎ በላስቲክ ከረጢት ይጠቀጠቃል። ከዚያ በጨለማ ጓዳ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ጭዱ በነጭ ክር ሲሸፈን ከረጢቱ ይበሳል፥ ጥቂት ብርሃን እንዲያገኝም ተደርጎ በየቀኑ ውሃ ይረጭበታል። በዋግ የሚያስቸግረው ብልሃቱ ሳይሆን ጭዱና ውሃው ነው፤ በበጋ ጭድ የከብት ነፍስ ነውና ማንም ገበሬ ላሙን አስርቦ እንጉዳይ አይዘራም፥ እኛም አንመክረውም። ስለዚህ የምትጀምር እመቤት በአንድ ወይም በሁለት ከረጢት ትጀምር፤ ጊዜውም ውሃ ከጣራ በሚገኝበት በክረምት ይሁን። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ጭድ ለስልሶ የበሰበሰ ስለ ሆነ፥ በጓሮ ጎመን ሥር ቢቀበር መልካም ፍግ ይሆናል።